ከልጆቻችን ጋር በሀገር ውስጥ ስንጓዝ፦ የትኛው ሰነድ በእጃችን ይኑር?



ኦሎምፒያ አካባቢ ለምንኖር ሰዎች የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እንደ ጎረቤት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወይም ዐረፋ ሲቃረብ በየቤቱ ሻንጣ ይወጣል። አንዱ ቤተሰብ ወደ ወሎ፣ ሌላው ወደ ስልጤና ጉራጌ፣ ሌላው ወደ ጅማ ወይም ወደ ድሬዳዋ ለዚያራ ይነሳል። ለሽማግሌዎች የሚወሰደው ስኳርና ልብስ፣ ለሕፃናቱ የሚያዘው ብስኩት ሁሉ ይታሰብበታል። የልጆቹ ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ አይታሰብም።

ባለፈው ክረምት አንዲት የሰፈራችን እህት ሦስት ልጆቿን ይዛ ባለቤቷ ወደሚሠራበት ባሕር ዳር ለመብረር ተነሳች። ዕቅዳቸው ጥቂት ቀን ቆይተው ልጆቹን ጣና ላይ በጀልባ ማንሸራሸር ነበር። ቼክ ኢን ላይ ስትደርስ የትንሹ ልጅ ዕድሜ ከሁለት ዓመት በታች መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ተጠየቀች። የክትባት ካርዱን አወጣች። ካርዱ ላይ ግን በልጁ ስም ቦታ የተጻፈው የእናቱ ስም ነበር፤ የተሞላው ገና ስም ሳይወጣለት ነውና። አማቷ ቤት ቀርተው ስለነበር ሣጥን ከፍተው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን አግኝተው፣ በጎረቤት ስልክ ፎቶ አስነስተው እስኪልኩላት ድረስ ልቧ ተሰቅሎ ቆየ። አልሐምዱሊላህ፣ በመጨረሻው ደቂቃ ተሳፈሩ።

ስትመለስ አግኝታን እንዲህ አለችን፦ «ኡስታዝ፣ የሄድነው ባሕር ዳር እንጂ ዱባይ አይደለም። ለሀገር ውስጥ ጉዞ የልጅ ወረቀት ምን ያደርጋል? ጀልባው ላይ እንኳ ማንም ምንም አልጠየቀንም!»

ጥያቄዋ የብዙ ወላጆች ጥያቄ በመሆኑ ሰፋ አድርገን ልንመልሰው ወደድን።

አዋቂ መታወቂያ አለው፣ ልጅስ?

በሀገር ውስጥ ለመጓዝ ፓስፖርት አያስፈልግም። ከኛ የሚጠበቀው መታወቂያ ነው፤ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፋይዳ ወይም መንጃ ፈቃድ። ለአውሮፕላን ይጠየቃል፤ ከለቡ ጣቢያ ወደ ድሬዳዋ ለሚሄደው ባቡር ትኬት ስንቆርጥም ይጠየቃል። በየብስ ጉዞም ኬላ ላይ «መታወቂያ!» የሚለውን ድምፅ የማያውቅ የለም።

የነዋሪነት መታወቂያ ግን የሚሰጠው 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ ማንነቱን የሚናገርለት ዋናው ሰነድ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት አራት ነገር በአንድነት ይናገራል፦ ልጁ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደተወለደ፣ የት እንደተወለደ፣ አባቱና እናቱ እነማን እንደሆኑ።

አራተኛው ነጥብ በተለይ ለእናቶች ይጠቅማል። በሀገራችን ልማድ ልጅ የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ነው። ሴት ልጅ ስታገባም የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች፤ በዲናችንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የእናት መታወቂያና የልጇ ስም ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንድም የሚጋሩት ስም የለም። እናት ብቻዋን ልጆቿን ይዛ ስትጓዝ «ልጆቼ ናቸው» ከማለት በቀር መታወቂያዋ አይመሰክርላትም። ፋይዳም ቢሆን የባለቤቱን ማንነት እንጂ የማን ልጅ፣ የማን እናት እንደሆነ ለማሳየት የተዘጋጀ አይደለም። እናትና ልጅን በአንድ ገጽ ላይ የሚያገናኛቸው የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው።

«ጀልባው ላይ ማንም አልጠየቀንም»

እህታችን ይህን ያለችው ወረቀት እንደማያስፈልግ ለማስረዳት ነበር። እኛን ግን ከቼክ ኢኑ ጥያቄ ይልቅ ያሳሰበን ይህ ነው።

ጣና ሰፊ ሐይቅ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደቅ ደሴትና ወደ ጎርጎራ በጀልባ ይኬዳል። በዳርቻው የሚኖሩት ሙስሊም ወንድሞቻችን ነገደ ወይጦዎች ደንገል ታንኳ በመሥራት ይታወቃሉ። ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጎትታ የመጣችው ጣናነሽ 2 ደግሞ የብዙዎች መነጋገሪያ ነበረች። በሐይቁ ላይ የሚጓዘው ሰው እየበዛ ሲሄድ «ስንት ሰው ተሳፈረ? እነማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ሊያድግ ይገባል።

ምክንያቱን ሴኔጋል ታስታውሰናለች። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2002 (በኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 1995 ዓ.ም) ለ ጆላ የምትባል የመንግሥት መርከብ ከዚጊንሾር ወደ ዋና ከተማዋ ዳካር ስትጓዝ በጋምቢያ ባሕር ዳርቻ አቅራቢያ ተገለበጠች። ጉዞው የሀገር ውስጥ ጉዞ ነበር፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ተማሪ፣ ነጋዴና ቤተሰብ ነው። መርከቧ የምትይዘው 580 ያህል ሰው ሲሆን ትኬት የያዙት ብቻ 1034 ነበሩ። ከዚያ ውጪ ትኬት የሌላቸው ብዙ ነበሩ፤ ከነሱም መካከል ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ይገኙበታል፤ ትኬት እንዲይዙ አይጠየቁምና። የሟቾች ቁጥር ከ1800 በላይ ሆነ፤ የተረፉት 64 ገደማ ናቸው። ትክክለኛው የተሳፋሪ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ስማቸው በየትኛውም ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ሕፃናት ከቁጥሩም ጎደሉ።

ይህን የምንናገረው ለማስፈራራት አይደለም። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ ሰበብ ማድረስ ግን የኛ ድርሻ ነው። በሀገራችን አውቶብስም ሆነ ጀልባ ላይ ጭን ላይ የሚቀመጥ ልጅ ብዙ ጊዜ ትኬት አይቆረጥለትም። ትኬት ከሌለው ስሙ የትም አይጻፍም። ስለዚህ ወላጅ ሲሳፈር «የልጆቼም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ» ቢል አዋቂነት ነው። ዝርዝር ከሌለም እንዲያዝ መጠየቅ፣ ለሕፃናት የሚሆን የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ማየት፣ ለማን እንደምንሳፈርና ስንት ሆነን እንደምንሄድ የብስ ላይ ላለ ዘመድ በስልክ ማሳወቅ ይገባል። እህታችን ማንም ሳይጠይቃት በመቅረቷ ደስ ብሏታል፤ እኛ ግን ብትጠየቅ ኖሮ ደስ ባለን ነበር።

የልደት ማሳወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት አንድ አይደሉም

ብዙ ወላጅ «ወረቀት አለኝ» የሚለው ከሆስፒታል ወይም ከጤና ጣቢያ የተሰጠውን ይዞ ነው። ያ ወረቀት የልደት ማሳወቂያ ይባላል፤ ልጁ በተቋሙ መወለዱን ይገልጻል። ምዝገባ ግን አይደለም። እሱን ይዘን በምንኖርበት ወረዳ ወደ ሲቪል ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ሄደን ስናስመዘግብ ነው የልደት ምስክር ወረቀት የሚሰጠን። የክትባት ካርድ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ለጤና ክትትል እንጂ ለማንነት ማረጋገጫ የተዘጋጀ አይደለም።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ምዝገባው በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ ሆኖም የዛሬ ታዳጊዎቻችን ብዙዎቹ የተወለዱት ምዝገባ ባልተለመደበት ዘመን እንደሆነ ልብ ይሏል። 90 ቀኑ ያለፈበት ወላጅም ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ ዘግይቶም ማስመዝገብ ይቻላል። የሚጠየቀው ማስረጃ ስለሚበዛ ግን ለጉዞ ሳምንት ሲቀር የሚሠራ ሥራ አይደለም።

በኛ ዘንድ ሕፃን በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ ይወጣለታል፣ ስም ይሰየምለታል። በዚያ ቀን ቤት ሙሉ ሰው ይመሰክራል። ያ ስም በዚያው ሰሞን ወረዳ ሄዶ ቢጻፍ 90 ቀኑ ከበቂ በላይ ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ስምና ዜግነት የእያንዳንዱ ሕፃን መብት መሆኑን ይደነግጋል። አላህ በሱረቱል በቀራ በረጅሙ አንቀጽ የተወሰነ ጊዜ ያለው ብድር እንኳ እንዲጻፍ ካዘዘን፣ ከብድር የሚበልጠውን አማና፣ የልጃችንን ማንነት፣ መጻፍ እንዴት ይቀለናል?

ስሙና ቀኑ

በማስተማር በቆየንባቸው ዓመታት የተማሪዎችን ስም ስንመዘግብ አንድ ነገር ይገጥመን ነበር። ልጁ ቤት ውስጥ በአንድ ስም፣ መድረሳ በሌላ፣ ትምህርት ቤት በሦስተኛ ይጠራል። ስሙ አንድ ቢሆን እንኳ አጻጻፉ ይለያያል፦ ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ መሀመድ፤ ዓኢሻ፣ አይሻ፤ ዐብዱረሕማን፣ አብዱራህማን። ለእኛ ሁሉም አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀውም ልጁ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲመዘገብ ወይም ቼክ ኢን ላይ ሲቆም ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን አጻጻፍ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈውንም ጭምር፣ ፊደል ሳንለውጥ በትኬቱ ላይ መገልበጥ። ቤት ውስጥ የምንጠራበትን ስም ለቤት እንተወው።

ሁለተኛው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። ይህ በራሳችን ቤተሰብ ደርሷል። በኅዳር 2015 ዓ.ም ለተወለደ የእህታችን ልጅ ለ2016 ክረምት ጉዞ ትኬት ስናስቆርጥ፣ ወኪሉ «የትውልድ ዓመት?» ሲል «2015» አልን። እሱም እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ አስገባው። ዓመት ከስምንት ወሩ የሆነው ጨቅላ በትኬቱ ላይ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ወንበር ተቆረጠለት፤ ከፈልንም። ስህተቱ የታየን ከቤት ልንወጣ ስንል ነው። በአየር መንገዶች አሠራር ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወላጁ ጭን የሚሄድና በጥቂት ክፍያ የሚስተናገድ ስለሆነ የትውልድ ቀን ቀልድ አይደለም።

ስሌቱን ማስታወስ ቀላል ነው። ልጁ የተወለደው ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ባለው ጊዜ ከሆነ በዓመቱ ላይ 7 ይደመራል። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8 ይደመራል። የእህታችን ልጅ በኅዳር ስለተወለደ 2015 ሲደመር 7፣ 2022 መባል ነበረበት። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የፈረንጁ ቀን ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ከራሳችን ስሌት ይልቅ እሱን እንከተል።

ልጁ ከወላጁ ውጪ ሲጓዝ

አጎት የወንድሙን ልጆች ይዞ ለዐረፋ ወደ ገጠር ይሄዳል። አክስት ልጅ ይዛ ወደ አዲስ አበባ ትመጣለች። ኡስታዝ ደረሶችን አሳፍሮ ለቂርኣት ወደ ሌላ ከተማ ይወስዳል። እነዚህ በማኅበረሰባችን የኖሩ መልካም ልማዶች ናቸው። በአንጻሩ በሀገራችን ሕፃናትን በማታለል ለጉልበት ሥራና ለልመና የሚያጓጉዙ ሰዎች መኖራቸው የታወቀ ነው። የሰው መነገድ ወንጀልን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ይህን በጥብቅ ይቀጣል። ኬላ ላይ የቆመ ፖሊስ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ ስምንት ታዳጊዎችን ከአንድ ጎልማሳ ጋር ሲያይ ቢጠይቅ ልንቀየመው አይገባም። የጠየቀው ለልጆቻችን ነው። ሐሳቡን የሚያሳርፍለት መልስ ይዞ መገኘት የኛ ፋንታ ነው።

አጎት ወይም አክስት ከሆነ፦ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ቅጂ፣ የአባትና የእናትን መታወቂያ ቅጂ፣ ከሁለቱም የተፈረመች «ልጃችን እገሌ ከእገሌ ጋር ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ወደዚህ ቦታ እንዲጓዝ ፈቅደናል» የምትል አጭር ደብዳቤ ከስልክ ቁጥር ጋር ይያዝ። ቆይታው ረዥም ከሆነ፣ ወይም ዘመዱ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባና የሚያሳክም ከሆነ፣ ውልና ማስረጃ ሄዶ ውክልና መስጠት ይሻላል።

ኡስታዝ ደረሶችን የሚያጓጉዝ ከሆነ፦ መድረሳው ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይጻፍለት፤ የልጆቹ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ስልክና የሚሄዱበት መድረሳ አድራሻ ይዘርዘር። የየልጁ የልደት ወረቀት ቅጂ አብሮ ይታሠር። አንድ ወረቀት ሳይይዝ ልጆችን ይዞ መንገድ የሚጀምር ሰው ኒያው ያማረ ቢሆንም ራሱንም ልጆቹንም ለእንግልት ያጋልጣል።

ወላጆች ተለያይተው ከሆነ ደግሞ፣ ከሁለቱ አንዱ ልጁን ይዞ ሲጓዝ ለሌላው አስቀድሞ ማሳወቅ ከብዙ ጠብ ያድናል። ስለ ልጁ አያያዝ የተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ካለ ቅጂው ይያዝ።

የምናሳድጋቸው የዘመድ ልጆች

ይህን ክፍል ለብቻው ያነሳነው ብዙ ቤት ስለሚነካ ነው። የሞተ ወንድሙን ልጅ፣ ወይም ገጠር ያለች እህቱን ልጅ አምጥቶ የሚያሳድግ ብዙ ነው። አጅሩ ታላቅ ነው። ችግሩ ወረቀት ላይ ሲደረስ ነው። «ነገሩን ለማቅለል» ተብሎ ልጁ በአሳዳጊው ስም ይመዘገባል፤ አጎት አባት ተብሎ ይጻፋል። ለጉዞ፣ ለትምህርት ቤት ያቃለለ ይመስላል።

በዲናችን ግን ይህ በር ተዘግቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘይድ ኢብን ሓሪሳን እንደ ልጃቸው አሳድገውት ሰዎች ዘይድ ኢብን ሙሐመድ እያሉ ይጠሩት ነበር። የሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ ወርዶ ልጆች በወላጅ አባታቸው እንዲጠሩ ሲያዝ፣ ዘይድ ወደ አባቱ ስም ተመለሰ። ፍቅሩ አልቀነሰም፤ ስሙ ግን ተስተካከለ። ነሰብን መጠበቅ ከውርስ፣ ከጋብቻ፣ ከመሕረምነት ጋር የተሳሰረ ነው። ሐሰተኛ መረጃ ሰጥቶ ማስመዝገብም በሕግ ያስጠይቃል።

መፍትሔው ልጁን በወላጅ አባቱ ስም አስመዝግቦ፣ አሳዳጊነትን በሞግዚትነት ማስረጃ ማረጋገጥ ነው። ለዚህ መደበኛ ፍርድ ቤት አለ። ወገኖች ከተስማሙ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሕፃናትን ሞግዚትነት ጉዳይ የማየት ሥልጣን አላቸው። አጎት የልደት ምስክር ወረቀትና የሞግዚትነት ውሳኔ ይዞ ከተጓዘ ውሸት ሳይናገር የሚጠየቀውን ሁሉ መመለስ ይችላል። ልጁም ትልቅ ሲሆን «አባቴ ማነው?» ብሎ ወረቀቱን ሲገልጥ እውነቱን ያገኛል።

ከመነሳታችን በፊት

ለማጠቃለል፣ ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት እነዚህን እንይ፦

1. የእያንዳንዱ ልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ዋናው አንድ ቦርሳ ውስጥ፣ ቅጂው ሌላ ቦርሳ ውስጥ፣ ፎቶው ስልክ ላይ ይሁን። ፎቶው ለችግር ቀን እንጂ ዋናውን የሚተካ አይደለም።

2. የአባትና የእናት መታወቂያ፤ አንዱ የማይሄድ ከሆነ የሱም ቅጂ።

3. በትኬቱ ላይ ያለው የልጁ ስምና የትውልድ ቀን ከምስክር ወረቀቱ ጋር በፊደልና በቁጥር ይመሳከር። ይህን ትኬቱ በተቆረጠ ዕለት እናድርገው።

4. ውጭ ሀገር የተወለዱና የሌላ ሀገር ዜግነት ያላቸው ልጆች ለእረፍት መጥተው ከኛ ጋር የሚጓዙ ከሆነ፣ በሀገር ውስጥም ቢሆን ፓስፖርታቸው ይያዝ።

5. በጀልባ የምንሄድ ከሆነ ወረቀቱ በደንብ በሚዘጋ ላስቲክ ውስጥ ይግባ። የልጆቻችን ስም በተሳፋሪ ዝርዝር ላይ መኖሩን እንጠይቅ። ከአቅም በላይ የጫነ ጀልባ ካየን ቀጣዩን እንጠብቅ።

6. በትንንሽ ልጆች ኪስ ውስጥ የወላጅ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ትቀመጥ። መናገር የሚችሉት የአባትና የአያት ስማቸውን ሙሉ ብለው እንዲናገሩ እናለማምዳቸው።

7. የምንሄድበት አካባቢ መንገድ ሰላም መሆኑን በዚያው ከሚኖር ዘመድ ጠይቀን እንነሳ።

ያቺ የሰፈራችን እህት አሁን የሦስቱንም ልጆች ወረቀት በአንድ ፋይል አድርጋ በሩ አጠገብ ሰቅላዋለች። የሁለተኛዋ ልጅ ጨርሶ እንዳልተመዘገበች ያወቀችውም ፋይሉን ስታዘጋጅ ነው። በነጋታው ወረዳ ሄደች። እናንተም ዛሬ ማታ ሣጥናችሁን ክፈቱና እዩ። የጎደለ ካለ ለመሙላት የሚሻለው ጊዜ ጉዞ የሌለበት ሳምንት ነው።

አላህ ጉዟችንን ሁሉ የሰላም ያድርግልን፤ ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን።